መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ኖሬ አሁን «ስኳር አለብሽ» ተባልኩ፤ ለስኳር ሐኪሙ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?

የዓሣ ተራዋ · ማክሰኞ ማታ

እንዴት ሰነበታችሁ። ባሕር ዳር ነኝ፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ልጆቼን ያሳደግኩት በሱ ነው። ቫይራል ሎዴ፣ ማለት በደሜ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ሁሌም «አይታይም» ነው የሚለው። ቀጠሮዬም በ6 ወር አንዴ ነው።

ሰሞኑን ግን ሰውነቴ ከዳኝ። ውኃ ብጠጣ ብጠጣ አልረካም። ሌሊት ሽንት ሲያመላልሰኝ ያድራል። ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ከሁሉም የከበደኝ መክሳቴ ነው። እኛ ሰፈር ሰው ሲከሳ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ጎረቤቴ «ምነው፣ ደህና ነሽ?» ስትለኝ ዓይኗ የሚጠይቀኝ ሌላ ነው። መድኃኒቱ መሥራት ያቆመ መስሎኝ ቀጠሮዬ ሳይደርስ የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ወደሚሰጡኝ ኤአርቲ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ጣቴን ወግታ የደሜን ስኳር ስታየው 312። በማግስቱ በባዶ ሆዴ 238። ስኳር ነው አሉኝ።

የስኳር ክትትል ክፍል እንድሄድ ወረቀት ጽፈውልኛል። ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም ነገር ተጽፏል። እዚያ ካርድ ክፍል የምትሠራ ዘመድ አለችኝ፤ እኔ ደግሞ ይሄን ነገር ለዘመድ ተናግሬ አላውቅም። ወረቀቱን ቤት ትቼ እንደ አዲስ ሰው ካርድ አውጥቼ ብገባስ? የስኳር ሐኪም ስኳሬን ካየ መች አነሰው? ደግሞስ ይሄን ስኳር ያመጣብኝ መድኃኒቱ ነው ወይ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሽምብጤ · ማክሰኞ ማታ

አይዞሽ እህቴ። እኔም ሁለቱንም ይዤ እኖራለሁ። ስኳሩን ሲነግሩኝ ሰማይ የተደፋብኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር እራመዳለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ፣ አለሁ። የሚያውቁት እስኪመጡ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ፤ ወረቀቱን እንዳትጥዪው።

እውነት ፈላጊ · ማክሰኞ ማታ

እኔ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ይሄ አዲሱ መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ነው ሰው ሁሉ ስኳር ስኳር የሚለው። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ለአንድ ሁለት ወር አቁሚውና ሽፈራው እያፈላሽ ጠጪ። አብሽም ጥሩ ነው። በሱ የዳነች ሴት አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ዙር · ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ «ድሮ አልነበረም» ስትል ያኔ የት ነበርክ? እኔ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ከጀመሩት አንዱ ነኝ። ያኔ ስታቩዲን የሚባል ነበር የምንውጠው። ጉንጫችን ጎደጎደ፣ እግራችን ቀጠነ፣ ሆዳችን ብቻ ወጣ። መንገድ ላይ ከፊታችን ነበር የሚለዩን። ያ መድኃኒት ስቡንም ስኳሩንም ያዛባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ በቀስ ይቅር ያለው ለዚህ ለዚህ ነው። ስኳር የያዛቸው ጓደኞች ያኔም ነበሩኝ፤ የሚለካቸው ነው ያጡት። ሁሉም ሰው የሚያስበው ነገን ስለማየት ብቻ ነበር።

መድኃኒቱን አቁመው የሄዱትን ደግሞ ቀብሬያቸዋለሁ። ሽፈራውን ጠጪ፣ ጠበሉንም ጠጪ፤ መድኃኒትሽን ግን አንድ ቀን እንዳታሳልፊ። ይሄን የምጽፈው ልከራከርህ ብዬ አይደለም ወንድሜ። ይቺ ሴት ልጆች አሏት።

የኤአርቲ ነርስ · ረቡዕ ማታ

ሥራ ላይ ውዬ አሁን ነው ያየሁት። ረዘም ያለ ነው፣ ታግሠሽ አንብቢው።

መክሳትሽ ከቫይረሱ አይደለም። ሰውነትሽ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ሲያቅተው ሥጋሽንና ስብሽን ማቃጠል ይጀምራል። የተረፈው ስኳር በሽንት ይወጣል፤ ሲወጣ ውኃውንም ይዞት ነው። ጥማቱም፣ የሌሊቱ ሽንትም፣ ክሳቱም ምንጫቸው አንድ ነው። ስኳርሽ ሲስተካከል ሥጋሽም ይመለሳል። ለጎረቤትሽ «ስኳር ይዞኝ ነው» ብትያት አልዋሸሻትም።

በባዶ ሆድ 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያየ ቀን ከተገኘ ስኳር ነው። ምልክት ያለው ሰው ደግሞ በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይበቃል። ያንቺ ግልጽ ነው።

«መድኃኒቱ ነው ወይ» ላልሽው በአንድ ቃል አይመለስም። ከቫይረሱ ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ለስኳር የሚያጋልጠው ነገር ብዙ ነው። ዕድሜ አለ፣ የቤተሰብ አለ፣ ውፍረት አለ። ቫይረሱ ራሱ፣ በደም ባይታይም እንኳ፣ ሰውነት ውስጥ የሚተወው ቀላል ብግነት አለ። የድሮዎቹ ስታቩዲንና ዚዶቩዲን፣ ከሁለተኛው መስመር፣ ማለት የመጀመሪያው መድኃኒት አልሠራ ሲል ከሚሰጡት፣ ደግሞ ሎፒናቪር፣ ሰውነት ስኳርን ከደም የሚያነሣውን ኢንሱሊን እንዳይታዘዝ በማድረግ ይታወቃሉ። አንቺ የድሮውን ለዓመታት ወስደሽ ከሆነ አሁን የምታዪው የዚያ ውጤትም ሊሆን ይችላል።

አሁን አብዛኞቻችን የምንወስደው አንዷ ክኒን ውስጥ ዶሉቴግራቪር አለ። እሱም ጥቂት ሰዎች ላይ ስኳር እንደሚያመጣ ታይቷል። ካምፓላ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ ዶሉቴግራቪር ከወሰዱ ከ3400 በላይ ሰዎች ውስጥ 16ቱ ላይ የደም ስኳር ከፍ ማለቱን ገልጸዋል። ብዙዎቹ ላይ የታየው መድኃኒቱን በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ስለዚህ «የለም» አልልሽም። አለ፤ የሚደርስባቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ኪሎ እንደሚጨምርም ይታወቃል፣ በተለይ ሴቶች ላይ። ኪሎ ሲጨምር ደግሞ ስኳር ሊከተል ይችላል።

ይሄን ሁሉ የነገርኩሽ ግን እንድታቆሚ አይደለም። ብታቆሚ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፤ ስኳሩ ግን ቆሞ ላይጠብቅሽ ይችላል። መድኃኒት መቀየር ካስፈለገ የኤአርቲ ሐኪምሽ አይቶ ይቀይርልሻል። ራስሽ አትቀይሪ።

አንድ ነገር ደግሞ ሁላችሁም ያዙልኝ። ስኳሩ በጣም ከፍ ያለ ሰው ካስመለሰው፣ ሆዱን ከቆረጠው፣ ትንፋሹ ፈጣንና ጥልቅ ከሆነ፣ ከአፉ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ያለ ጠረን ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቅ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ለስኳር ሐኪሙ መንገር አለብሽ። ለምን እንደሆነ እዚህ አንድ ፋርማሲስት አለ፤ ከኔ የተሻለ ያስረዳሻል።

ፋርማሲስቱ · ረቡዕ ማታ

ነርሷ ስለጠራችኝ መጣሁ።

የስኳር ክፍል ስትሄጂ መጀመሪያ የሚታዘዝልሽ ሜትፎርሚን ነው የሚሆነው። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ዶሉቴግራቪር ደግሞ ሜትፎርሚንን ከደም ወደ ሽንት የሚያሻግሩትን ፕሮቲኖች ያውካል። ስለዚህ ሜትፎርሚኑ ደም ውስጥ ይከማቻል። በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ ሲጨመር በደም ውስጥ ያለው ሜትፎርሚን በ79 ከመቶ ጨምሯል።

ሐኪሙ ስለ ኤች አይ ቪው ካላወቀ በተለመደው መንገድ እያሳደገ በቀን 2000 ሚሊግራም ሊያደርስልሽ ይችላል። እሱ ምንም አላጠፋም። አንቺ ላይ ግን 3500 የሚሆን እንደዋጥሽ ያህል ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ሜትፎርሚኑ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የሚመከረው። ሲበዛ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ይመጣል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ደም ውስጥ አሲድ ተጠራቅሞ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ስለዚህ ክሬያቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራም አሠሪ። ለሚያነበው ሐኪም ደግሞ፣ ዶሉቴግራቪር ኩላሊቱ ሳይጎዳም ክሬያቲኒንን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ይሄንንም ሳያውቅ ቢያየው ኩላሊትሽ የታመመ ሊመስለው ይችላል።

ሌላም አለ። ሜትፎርሚን ሲጀመር ሆድ ይረብሻል። ያኔ ሰው «ጨጓራዬ ተነሣ» ይልና ከመድኃኒት ቤት የሚታኘከውን ወይም ነጩን ፈሳሽ ይገዛል። ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ዶሉቴግራቪር ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። ከተወሰደ የኤች አይ ቪው ክኒን ከሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ነው መዋጥ ያለበት። ሜትፎርሚኑን ምግብ ላይ ብትወስጂው ግን ሆድሽ ቶሎ ይለምደዋል፤ የጨጓራውም ላያስፈልግሽ ይችላል።

የአባቷ ልጅ · ሐሙስ ጠዋት

ፋርማሲስቱ የጻፈውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። የኛ ቤት ታሪክ ነው።

አባቴ ስኳሩን ለዓመታት ይታከማል፤ ግሊቤንክላሚድ ነው የሚወስደው። ኤች አይ ቪ እንዳለበት ያወቀው ዘግይቶ ነው። ያኔ ከመድኃኒቱ ጋር ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይዘው ኮትሪሞክሳዞል ተጨመረለት። ለስኳር ሐኪሙ አልተናገረም። ለኤአርቲ ክፍሉም ስኳሩን «ትንሽ አለችብኝ» ብሎ ነው ያለፈው። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ቀጠሮ፣ ሁለት ሐኪም። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ አንዱ ስለሌላው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

አንድ ቀን ማታ ራት አልፈልግም ብሎ ተኛ። ትንሽ ቆይቶ ይሳደብ ጀመር። አባቴ ተሳድቦ አያውቅም። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የእናቴን ስም ጠፋበት። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ለክፎት ነው» አለ፣ ሌላው ጠበል ይምጣ አለ። ወንድሜ መለኪያውን አምጥቶ ጣቱን ሲወጋው 41። ሦስት ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠን አጠጣነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካነው፣ 66። ደገምንለት። ቀስ እያለ ዓይኑ ተመለሰ፤ «ምን ሆናችሁ ተሰበሰባችሁ?» አለን።

በኋላ ሆስፒታል ሲነግሩን ኩላሊቱ ደክሟል፣ ምግብ አልበላም፣ ኮትሪሞክሳዞሉ ደግሞ የግሊቤንክላሚዱን ጉልበት ጨምሮታል። አባቴ እንዲህ የሆነው ሁለቱ ሐኪሞች ስላልተዋወቁ ነው። እህቴ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ሂጂ።

የኤአርቲ ነርስ · ሐሙስ ጠዋት

እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ወንድምሽ መለኪያውን ማምጣቱ ነው ያዳናቸው።

ለሌሎቻችሁ፦ ከ70 በታች ከወረደ ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ ምግብ ይብላ። መለኪያ ከሌለም አትጠብቁ፤ ላብና መንቀጥቀጥ ካያችሁ ስኳሩን ስጡ። ራሱን የሳተን ሰው ግን በአፉ ምንም አታድርጉ፤ ያንቀዋል። አንሥታችሁ ሩጡ። ግሊቤንክላሚድ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ሰውየው ነቃ ብላችሁ አትተኙ። ሐኪም ይየው። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባዶ ሆዱን አረቄ መጠጣትም እንዲሁ ስኳሩን ያወርደዋል። ሰው ሰክሯል ተብሎ ተኝቶ የቀረ አለ።

ኬዝ ማናጀር · ሐሙስ ማታ

እኔም ከቫይረሱ ጋር ነው የምኖረው፤ ሥራዬም ከናንተ ጋር ነው። ስለ ዘመድሽ ስጋት ማንም «ተራ ነገር ነው» እንዲልሽ አልፈልግም። ይሄ ፍርሃት ያለ ነው፣ ምክንያትም አለው። ክኒኑ እንዳይንኳኳ ብልቃጡ ውስጥ ሶፍት ጠቅጥቀው፣ ስሙን ልጠው የሚሄዱ ሰዎች በየቀኑ አያለሁ። ወረቀት ይዘሽ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መቆም ቀላል አይደለም።

ግን መንገድ አለው። በመጀመሪያ ወደ ኤአርቲ ክፍልሽ ተመለሺና «ስኳሩንም እዚሁ ልትከታተሉልኝ ትችላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ቦታ ይቻላል፤ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አያነሣልሽም። አይሆንም ካሉሽ ወረቀቱን በፖስታ አሽገው ይስጡሽ። ካርድ ክፍል የምትሰጪው ስምሽንና የቀጠሮ ወረቀትሽን ብቻ ነው። ፖስታው ቦርሳሽ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ በእጁ ትሰጪዋለሽ። ሌላ ታካሚ ወይም ተማሪ ካለ «ለብቻችን ላናግርዎት» በዪ። መብትሽ ነው። አፍሽ እምቢ ካለሽ ብልቃጡን አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፤ እሱ ይገባዋል።

ዘመድሽ ካርድሽን አንሥታ ታነባለች ብለሽ ካሰብሽ ደግሞ ለክፍሉ ኃላፊ ተናገሪ። ሙያዋ ምስጢር መጠበቅ ነው፤ ካወጣች ትጠየቃለች። ያም ካላሳመነሽ ወደ ሌላ ጤና ተቋም እንዲያዛውሩሽ እንጽፍልሻለን። ከዚህ ሁሉ አንዱ አያጣሽም። ዝም ብሎ መግባቱ ግን ይቅር።

የዘጌው · ዓርብ ጠዋት

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ዘጌ ነው የምኖረው፤ ለቀጠሮ በጀልባ ነው የምመጣው። የኤች አይ ቪውን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ኢንሱሊን ደግሞ ጠዋትና ማታ እወጋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሁዳዴ እየደረሰ ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ጾሜ ነው የምቆየው። ልጆቼ ተው ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ደግሞ ፍሪጅ የለኝም፤ ኢንሱሊኑ በዚህ ሙቀት ይበላሽ ይሆን?

የኤአርቲ ነርስ · ዓርብ ማታ

አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ።

ኢንሱሊን እየወጉ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል አይሆንም። ስኳርዎ ይወርዳል፤ ጀልባ ላይ ወይም ጫካው መንገድ ላይ ቢወርድብዎት የሚደርስልዎት የለም። ኢንሱሊኑን በራስዎ ትተው ቢጾሙ ደግሞ ስኳሩ ይሰቀላል። ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ይንገሯቸው። ለታመመ ሰው ጾሙን ማቅለል ቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ነገር ነው። ከሥጋና ከወተት መጾሙን እርስዎ ይችሉታል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ለስኳርም ደግ ነው። የሰዓቱን ነገር ግን መጾም ከመጀመርዎ በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ።

የኤች አይ ቪው ክኒን ዶሉቴግራቪር ያለበት ከሆነ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ማታ ቢያደርጉት ከጾሙ ጋር አይጋጭብዎትም። ሰዓቱን አንዴ ከመረጡ ግን አይቀያይሩት።

ኢንሱሊኑን በሁለት ሸክላ ያስቀምጡት። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ ያስገቡና በመካከላቸው አሸዋ ይሙሉ። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ያርከፍክፉበት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው ትንሹ ውስጥ አድርገው በርጥብ ጨርቅ ይክደኑት። ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ይሁን። የተከፈተ ብልቃጥ ከ28 ቀን በላይ አይጠቀሙበት። የቀዘቀዘ ይሻላል ብላችሁ በረዶ ላይ እንዳታስቀምጡት፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም።

የምርመራ ቀን ሳይበሉ ሲመጡ የጠዋቱን ኢንሱሊን ቤት አይውጉ። ይዘውት ይምጡ፤ ደም ሰጥተው፣ ምግብዎን ይዘው ነው የሚወጉት። ኪስዎ ውስጥ ደግሞ ከረሜላ ወይም ስኳር አይጥፋ።

ፔዳ አካባቢ · ቅዳሜ ጠዋት

እኔ ግራ የገባኝ ነገር አለ። በባዶ ሆድ ሁለት ጊዜ 140 እና 151 ወጣብኝ። ከዚያ የ3 ወሩን ምርመራ፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚሉትን፣ አሠራሁ፤ 6.0 ነው። ሐኪሙ «ስኳር የለብህም» አለኝ። የትኛውን ልመን? ለዓመታት ዚዶቩዲን ያለበትን ነው የምወስደው። እሱ ግን ይሄን አያውቅም።

ፋርማሲስቱ · ቅዳሜ ማታ

የባዶ ሆዱን እመን። የ3 ወሩ ምርመራ የሚያየው በቀይ የደም ሴል ላይ የተለጠፈውን ስኳር ነው። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ሰው ላይ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ የመውጣት ጠባይ አለው። ዚዶቩዲን ቀይ የደም ሴሉን ስለሚነካ ያንተ ላይ ይበልጥ ያሳስታል። ለዚህ ነው ለኛ ሰዎች ስኳር መኖሩን ለማወቅ በባዶ ሆድ የሚለካው የሚመረጠው። ሁለቱንም ውጤት ይዘህ ተመለስና የምትወስደውን መድኃኒት ንገረው። ሐኪሙ በያዘው መረጃ ልክ ነው የፈረደው፤ ያልያዘውን ስጠው።

ሽምብጤ · እሑድ

ስለ ምግብ ማንም ስላላነሣ ልጨምር። እንጀራ ሙሉ በሙሉ ተዉ የሚሉ አሉ፤ ስኳር ክፍል የነገሩኝ እንደዚያ አይደለም። መጠኑን ነው የቀነሱብኝ፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ትቼ ግማሽ፣ ወጡንና ጎመኑን በዛ አድርጌ። እዚህ አገር ግን ስትገዙ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ የፎገራ ሩዝ ይቀላቀልበታል። ነጭ ሩዝ ስኳርን ቶሎ ነው የሚያወጣው። እኔ ቤት ጤፉን ከዳጉሳ ጋር ነው የምናስፈጨው።

እኔን የጎዳኝ ደግሞ እንጀራው እንዳልሆነ በመለኪያዬ አይቻለሁ። ጁስ ነው። አቮካዶ ጤና ነው እያልኩ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እጠጣ ነበር። አቮካዶው ላይ ስኳር አለ፣ ከላይ ደግሞ ቪምቶ ይጨመርበታል። አሁን አቮካዶውን በማንኪያ እበላለሁ። ሻይም ያለ ስኳር ለመድኩ። ዓሣ አንቺ ዘንድ ስላለ ታድለሻል፤ ቆሮሶውን በዘይት ከምታጠልቂው ለራስሽ በፍም ጥበሺው።

የዓሣ ተራዋ · ሐሙስ ማታ

ትናንት ቀጠሮዬ ነበር። ፖስታውን ይዤ ሄድኩ።

ዘመዴ መስኮቱ ላይ ነበረች። «ምን ሆነሽ መጣሽ?» አለችኝ። «ስኳር ይዞኝ» አልኳት። «ውይ፣ እማማም እኮ አለባት» ብላ አዘነችልኝ። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ውስጥ ገብቼ በሩ እንዲዘጋ ለመንኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው። ፖስታውን ከፍቶ አነበበና «ይሄን ስላመጣሽ በጣም ጥሩ አደረግሽ» አለኝ። ክሬያቲኒን አሠራኝ፤ ደህና ነው። ሜትፎርሚን 500 ጠዋት፣ 500 ማታ ጻፈልኝና ከዚህ አናሳልፈውም አለ። ካልበቃኝ ሌላ ዓይነት ይጨመራል እንጂ እሱ አይበዛም። ስኳሩ ጭራሽ እምቢ ካለ ደግሞ ከኤአርቲ ሐኪሜ ጋር ተነጋግረው የክኒኑን ነገር ያዩታል። ዓይኔን እንድታይ ላከኝ። እግሬን ጫማ አስወልቆ በክር ነካካው፤ ዓሣ ስጠብስ ነጠላ ጫማ ነው የማደርገው ብለው ሽፍን ጫማ አድርጊ አለኝ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከኤአርቲው ጋር በአንድ ቀን አደረጉልኝ።

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የአባቷ ልጅ፣ አባትሽን ሳሚልኝ።

አዲስ ገቢ · ሐሙስ ማታ

ሁሉንም አነበብኩ። እኔም የ6 ወር ቀጠሮ ላይ ነኝ። ምንም ምልክት የለብኝም። ግን መድኃኒት ከጀመርኩ ጀምሮ ስኳሬን የለካኝ ሰው የለም። እናቴ ስኳር ነበረባት። ጠይቄ ላሠራ?

የኤአርቲ ነርስ · ሐሙስ ማታ

ጠይቂ እንጂ! መድኃኒት ሲጀመር ወይም ሲቀየር አንዴ፣ ከዚያ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ አንዴ፣ ደህና ከሆነ በዓመት አንዴ መለካት አለበት። ቀጠሮው ሲረዝም ለታካሚው ይቀለዋል፤ ስኳር ደግሞ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ማንም ሳያየው ይገባል። ለቫይራል ሎድ ደም የምትሰጪበት ቀን መቼ ነው?

አዲስ ገቢ · ሐሙስ ማታ

የሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ፣ ጠዋት።

የኤአርቲ ነርስ · ሐሙስ ማታ

በዚያው ቀን ይሠራልሽ። ከማታው 4 ሰዓት በኋላ ምግብ አትቅመሺ፣ ጠዋት ሻይም ቡናም ይቅር፣ ውኃ ግን ጠጪ። ስትገቢ «ደሜን ስትወስዱ በባዶ ሆዴ ነኝ፤ ስኳሬንም እዩልኝ፣ እናቴ ነበረባት» በያቸው። ቁጥሩን ጽፈሽ ያዢውና እዚህ ንገሪን።